የአንድ ቤት አራት አባወራዎች

አሁን የምኖረው አሰላ ነው፤ ተወልጄ ባደግኩበት ከተማ፣ ከእናቴ ቤት ሁለት ሰፈር ብቻ ርቄ። አገሩ የገባ ሰው ምን አገር ይናፍቀዋል ትሉኝ ይሆናል። ብቻ ይናፍቀኛል። ከጭላሎ ተራራ ማዶ፣ ወደ ጢቾ በኩል፣ ጠዋት ሚኒባስ የያዘ ሰው ለምሳ የሚደርስባት አንዲት ትንሽ ከተማ አለች። እዚያች ከተማ ውስጥ አንድ ግቢ አለ፤ ግቢው ውስጥ ደግሞ አንዲት እናት አሉ። ሩቅ አገር ቢሆኑ ኖሮ ቁርጤን አውቄ እቀመጥ ነበር። ቅርብ መሆናቸው ነው የሚያናድደኝ።

ዐቃቤ ሕግ ነኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ የተመደብኩት እዚያች ከተማ ነበር፤ የተከራየሁትም እሳቸው ግቢ ውስጥ ያለችውን አንዲት ክፍል ነው። ሰፈሩ ሁሉ «አዴ» ይላቸዋል፤ እናት እንደማለት ነው። እኔም አዴ አልኳቸው፣ በዚያው ቀረ። ቀጥ ያሉ ረጅም ሴት ናቸው፤ ምላሳቸው ደግሞ ምላጭ ነው። እኔም ብሆን ቀላል ሰው አይደለሁም፤ ቶሎ እናደዳለሁ፣ የተናደድኩትንም ፊቴ ላይ ለመደበቅ አልታደልኩም። ከቢሮ ተኮሳትሬ ስገባ ደጃፉ ላይ ቆመው፣ «ዛሬ ደግሞ ማንን አሰርሽ? ወይስ ሳያስሩሽ አመለጥሽ?» ይሉኛል። ከዚያ ትኩስ ወተት በትልቅ ኩባያ ይቀርብልኛል። አልጠጣም ማለት አይቻልም፤ እኔ ሳልጨርስ እሳቸው ወሬ አይጀምሩም።

ባላቸው ከመስኮቱ ሥር ባለ አልጋ ላይ ተኝተዋል። አንድ ጠዋት ሰውነታቸው በአንድ ወገን ከዳቸው፣ ምላሳቸውም ተያዘ፤ እኔ ከመምጣቴ በፊት ነው። በጉብዝናቸው ጊዜ በፈረስ ግልቢያ የታወቁ ሰው ነበሩ አሉ። ኮርቻቸው ዛሬም ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ በየሳምንቱ ቅቤ ይቀባል። አዴ ቀኑን ሙሉ ያወሯቸዋል፣ ይጠይቋቸዋል፣ እሳቸውም መልስ የሰጡ ይመስል ይከራከሯቸዋል። ሽማግሌው በዓይናቸው ይከተሏቸዋል። ከሰው ጋር አብሮ መኖር እንዲህ ከሆነ ይሁንልኝ ያልኩት እዚያ ቤት ነው።

አንድ ነገር ግን ግራ ይገባኝ ነበር። ከአዴ ጋር የምናወራው በኦሮምኛ ነው፤ አማርኛቸው የገበያ አማርኛ ነው፣ ለጨው ለስኳር የሚሆን። ደመናው ከተራራው መውረድ ሲጀምር ግን፣ ወሬያችንን መሀል ላይ ቆርጠው በአማርኛ «ዝናብ መጣ! ልብስሽን አንሺ!» ብለው ይጮሃሉ። በኦሮምኛ ዝናብ ሲሉ አንድ ቀን ሰምቼ አላውቅም። ለእኔ ለከተማዋ ልጅ አማርኛ ማወቃቸውን ሊያሳዩኝ ይመስለኝ ነበር። «ኧረ አዴ፣ እኔ ኦሮምኛውም ይገባኛል» ብዬ ስቀልድባቸው ይስቁና ልብሱን ማንሳት ይይዛሉ።

የጤና መድን ካርድ ነበራቸው። በየዓመቱ ገብሱ ተወቅቶ ሲገባ፣ የቀበሌ ሰዎች ድምፅ ማጉያ ይዘው በየመንደሩ ሲዞሩ፣ አዴ ቀድመው ይከፍላሉ። በዚያች ካርድ የእሳቸው የደም ግፊት ክኒንም የሽማግሌው መድኃኒትም ከጤና ጣቢያው ይመጣል። ካርዷን በጨርቅ ጠቅልለው ብብታቸው ሥር ነው የሚይዟት። ከመታጠፍና ከላብ ብዛት ጽሑፉ ደብዝዞ ቁጥሩ ብቻ ነበር በደንብ የሚነበበው።

ያኔ ነው የእኛ የዐቃቤ ሕጎች ሥልጣን በአዲስ ሕግ የሰፋው። እውነቱን ልናገር፣ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ከዚያ በፊት የጤና መድን ገንዘብ የበላ ሰው ጉዳዩ ከመድኑ ቢሮ ጋር ነበር፤ እነሱ ካልከሰሱ እኛ መዝገብ መክፈት አንችልም። እነሱ ደግሞ ሽማግሌ ሲገባባቸው ይቅር ይላሉ፤ ሌባው ጥቂት መልሶ ይሄዳል። ያልሰጠውን መድኃኒት እንደሰጠ አድርጎ ሲያስከፍል የኖረ መድኃኒት ቤት አይቻለሁ። በሞተ ወንድሙ ካርድ የሚታከም ሰውም አይቻለሁ። ይሄ ሁሉ ሲሆን እኔ ቁጭ ብዬ እንደ እንግዳ መስማት ብቻ! በአዲሱ ሕግ ግን ማንንም ሳንጠብቅ መዝገብ እንከፍታለን፤ የጤና ጣቢያውን ሰነድ እናስቀርባለን፤ ምርመራው እስኪያልቅ ካርድ እናሳግዳለን። ዕርቅ ብሎ ነገር የለም። ስለ ሕጉ ከተሰጠን ሥልጠና ደረቴን ነፍቼ ተመለስኩና ለአዴ አንድ በአንድ ተረኩላቸው።

«ጥሩ ነው፤ ሌባ ይያዝ» አሉ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ «ሌባውን ግን በምን ታውቁታላችሁ?» አሉኝ።

«በማስረጃ ነዋ» አልኳቸው።

ወደ ባላቸው ዞሩ። «ሰማህ? በማስረጃ ነው የምታውቀው።» ሽማግሌው በዓይናቸው ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ።

የመጀመሪያው የጤና መድን ኦዲት ውጤት ሲመጣ፣ አብሮኝ የሚሠራው ከባሌ አገር የመጣ ባልደረባዬ ጮክ ብሎ ያነብ ጀመር። ከተመዘገቡት ውስጥ አንዷ ላይ ሲደርስ ከት ብሎ ሳቀ። «ይችን ስሚ! አንድ ካርድ፣ አራት አባወራ! ሴትዮዋ ካርድ አከራይ ናት።» ካርድ ማከራየት ደግሞ በዋናነት እንድንይዘው የተነገረን ወንጀል ነበር። የየትኛው ቀበሌ ነው አልኩት። ነገረኝ። የቤት ቁጥሩንም ነገረኝ። በየቀኑ የምገባበትን በር ቁጥር እንዴት እስታለሁ? 

ያን ቀን ከሰዓት ለቢሮው ኃላፊ እዚያ ቤት እንደምኖር ተናገርኩ። መልሱ አጭር ነበር፤ መዝገቡን ባልደረባዬ ይይዘዋል፣ አንቺ ቤቱን ትለቂያለሽ፣ ስለ ጉዳዩ ለሴትዮዋ ምንም አትነግሪም። ትክክል ነው፤ እኔም ኃላፊ ብሆን ይህንኑ ነበር የምለው። ትክክል መሆኑ ግን አንጀቴን ከመብላት አላዳነኝም።

ለአዴ ሥራ ስለበዛብኝ ወደ ቢሮው ልጠጋ ነው አልኳቸው። ከተማዋ ከዳር እስከ ዳር በእግር የምትጨረስ ናት፤ ወደ ምን ነው የምጠጋው? አላመኑኝም። ልብሴን ስከት በር ላይ ቆመው ያዩኝ ነበር። «ወተቱ ጭስ ጭስ አለሽ እንዴ?» አሉኝ። አይደለም አልኩ። «ሰውዬው ሌሊት ሲያቃስት እንቅልፍ ነሳሽ?» አይደለም አልኩ። «እንግዲያ እኔ ነኝ» አሉ። መናገር እየቻልኩ አፌን ያዝኩ። መናኸሪያው አጠገብ፣ ቀኑን ሙሉ ረዳቶች በሚጮሁበት፣ ጠባብ ክፍል ተከራየሁ፤ ወተት የሚባል ነገር ዳግመኛ አላማረኝም።

ካርዷ ታገደች። አዴ ለክኒናቸው ጤና ጣቢያ ሄደው ባዶ እጃቸውን ተመለሱ፤ ምክንያቱን የነገራቸው የለም። ይህን የሰማሁት ከልጃቸው ነው። ልጅቷ ባል አግብታ ሁለት ቤት አልፋ ትኖራለች፤ እናቷን መስላ መንገድ ላይ አስቁማኝ ፊት ለፊት ነው የጠየቀችኝ። «እናንተ ናችሁ?» አለችኝ። «ልነግርሽ አልችልም» አልኳት። «ነገርሽኝ» ብላ ጥላኝ ሄደች። ክኒኑን ከአሰላ ላስመጣላቸው አሰብኩ። ባልደረባዬ ግን ነገሩ ገብቶት ቀድሞ ያዘኝ። «ለተጠርጣሪ መድኃኒት ስትገዢ ብትታዪ እሳቸውንም ታስከስሻለሽ፣ አንቺም ትባረሪያለሽ።» ደሜ ፈላ፤ ነገር ግን እውነቱን ነበር። የቻልኩት ቶሎ እንዲጠራቸው መወትወት ብቻ ነው።

ጠራቸው። እኔ ከጎን ባለው ክፍል ነበርኩ፤ መሀላችን ያለው ግድግዳ ችፑድ ስለሆነ ሳል እንኳ አያስቀርም። የምጽፈውን ትቼ አዳመጥኩ። ባልደረባዬ የመጀመሪያውን ስም አነበበና «እኚህ ሰው ማን ናቸው?» አላቸው።

«የቤቴ ባለቤት።»

ሁለተኛውን አነበበ። «የቤቴ ባለቤት» አሉ። ሦስተኛውን፣ አራተኛውን፤ መልሳቸው አንድ ነው።

«እናቴ፣ አራት ባል አለዎት?»

«አንድ ነው፤ እሱም ተኝቷል።»

«ታዲያ የእውነት ስማቸው ማን ነው?»

ዝም አሉ።

«እሺ፣ የአባታቸው ስምስ?»

ይሄኛው ዝምታ የባሰ ረዘመ። በዚህ መሀል ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ወረደ፤ እዚያ አገር ሲመጣ ሳይነግር ነው። ባልደረባዬ እስኪያባራ ትንሽ እንዲጠብቁት በኦሮምኛ ነገራቸው። አዴም ሲያወሩበት የነበረውን ኦሮምኛ ትተው በአማርኛ «አዎ፣ ዝናቡ ይለፍ» አሉ።

ከወንበሬ ተነሳሁ። አክስቴ በልጅነቴ የነገረችኝ ነገር መጣብኝ። ላጉ ይሉታል፤ በአርሲ ያገባች ሴት የባሏን ስም፣ ይልቁንም የአማቷን ስም አትጠራም። ስሙን ብቻ አይደለም፤ ስሙን የሚመስል ቃል እንኳ ከአፏ አይወጣም፣ በሌላ ቃል ትተካዋለች። ከአሮጊቶቻችን ጋር አብሮ የተቀበረ ነገር ነበር የሚመስለኝ። የአዴ አማት ስም በኦሮምኛ ከዝናብ ጋር የሚመሳሰል መሆን አለበት። በአማርኛው ዝናብ ግን የሚደፈር ሰው የለም።

ጤና ጣቢያው ካርድ ክፍል ውስጥ የሆነውም ያው ነው። የካርድ ክፍል ሠራተኞቹ ይቀያየራሉ፤ የካርዱ ጽሑፍ ደብዝዟል፤ ቁጥሩን ይገለብጡና «የአባወራ ስም?» ይላሉ። አዴ ያፍራሉ። አንድ ቀን በትልቁ ልጃቸው ስም የእሱ አባት ይላሉ፤ ሌላ ቀን በሴቷ ልጅ። አንድ ቀን በፈረሱ፣ የዳማው ጌታ ይላሉ። ሌላ ቀን ደግሞ እኔም ሰምቼው የማላውቀውን ስም ይሰጣሉ። ሠራተኛው የሰማውን ይጽፋል። አራቱ አባወራዎች መስኮት ሥር የተኙ አንድ ምላሳቸው የተያዘ ሽማግሌ ናቸው።

ገብቼ ለባልደረባዬ ነገርኩት። ክፉ ሰው አይደለም፤ ሰምቶኝ ራሱን ነቀነቀ። «ገባኝ። ግን መዝገብ ላይ ምን ብዬ ልጻፍ? በዝናብ ምክንያት ተዘግቷል ልበል? ድሮ ቢሆን የመድኑ ቢሮ ራሱ ስቆ ይጨርሰው ነበር፤ አሁን ለእኛ ተሰጥቷል፣ እኛ ደግሞ መሳቅ አልተፈቀደልንም። በሩን ልዝጋ፤ ስሙን አንድ ጊዜ ይጥሩልኝ፣ ከቀበሌው ምዝገባ ጋር ላመሳክረውና መዝገቡን ልዝጋው።»

ወደ አዴ ዞርኩ። ከቤት ከወጣሁ ወዲህ ፊት ለፊት ስንተያይ የመጀመሪያችን ነበር። «አዴ፣ አንድ ጊዜ ብቻ። ማንም አይሰማም» አልኳቸው።

እጄን ያዙት። «ልጄ፣ ሰርቄ እንደሆነ እሰሩኝ። ስሙን ግን ተይኝ። የመጀመሪያ ልጄን ስወልድ ሞቼ ነበር። ባሌ ቆላ ወርዶ ነበር፣ ደራ በኩል። አማቴ ናቸው በጋቢያቸው ጠቅልለው፣ ፈረስ ላይ አስቀምጠው፣ ያንን ሁሉ ተራራ በዝናብ አሻግረው አሰላ ሐኪም ቤት ያደረሱኝ። እሳቸው በእግራቸው ነው የሄዱት። ያኔ ካርድ የለም፤ ካርዴ እሳቸው ነበሩ። አሁን ደርሼ፣ ለክኒን ብዬ፣ እንደ ውሻ በስማቸው ልጥራቸው?»

ባልደረባዬ መስኮቱን ያይ ነበር። እኔ አለቀስኩ፤ የቢሮ ሰው አያለቅስም ይባላል፣ ተዉኝ እባካችሁ።

በመጨረሻ እሱ ራሱ መላ አመጣ። ዕርቅ ተከልክሏል፤ ምስክር ግን አልተከለከለም። ሦስት የሰፈር ሽማግሌዎች ተጠሩ። እነሱ ደግሞ የተጠሩት ለሽምግልና መስሏቸው፣ ዱላቸውን ይዘው፣ ገና ከበሩ ዱዓ ማድረግ ጀመሩ፤ ለመንግሥትም፣ ለዝናቡም፣ ለእኔም ባል እንዲመጣ። ባልደረባዬ በስንት ልመና አስቀመጣቸውና የመጀመሪያውን ስም አነበበ። «የዳማው ጌታ ማን ነው?» «እሱ ነዋ! ያንን ፈረስ የማያውቅ አለ?» ብለው የፈረሱን ዘር መቁጠር ያዙ። የትልቁ ልጅ አባት? እሱ ነው። የሴቷ ልጅ አባት? «አንተ ልጅ፣ ምን ነካህ፣ እሱ ነው አልንህ እኮ።» ሙሉ ስማቸውን እስከ አያታቸው ተናገሩ፤ አዴ ያን ጊዜ ነጠላቸውን ጆሯቸው ላይ አደረጉ። አራተኛው ስም ሲነበብ ግን ሽማግሌዎቹ ተያዩ። እንዲህ የሚባል ሰው በአገሩ የለም አሉ። ባልደረባዬ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። 

«እሱን ሙሽራ ሆኜ ስገባ እኔ ነኝ ያወጣሁለት» አሉ አዴ፣ ቀስ ብለው። «ሌላ ሰው አያውቀውም። እኛ ቤት ውስጥ ብቻ ነው።» ብለው ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። አንደኛው ሽማግሌ ዱላቸውን መሬት ላይ እየመቱ ሳቁ፤ ሁሉም ሳቁ፤ መሳቅ ያልተፈቀደለት ባልደረባዬም ሳቀ። ስሙ በቆንጆ አማርኛ ቢተረጎም እንኳ አልጽፈውም፤ የእነሱ ነው።

መዝገቡ ተዘጋ፣ ካርዷ ተለቀቀች። ኮሪደሩ ላይ አዴ ነጠላዬን አስተካከሉልኝና «ቤት መቼ ትመጫለሽ?» አሉኝ። ክረምቱ ሲወጣ እመለሳለሁ አልኳቸው፤ ከልቤ ነበር። ክረምቱ ሳይወጣ ግን ለእናቴ ስል ገና ድሮ የጠየቅሁት ዝውውር ተፈቀደ። ሌላ ጊዜ ቢሆን እልል የምልበት ወረቀት ነው። ልሰናበት ስሄድ አዴ አልተቆጡም፤ የተቆላ የገብስ ዱቄት በቅቤ አሽተው ጭኮ ጠቀለሉልኝ፣ ጉንጬን ሳሙኝ፣ እናትሽን ሰላም በይልኝ አሉ። ሽማግሌው ደህና የሆነውን እጃቸውን ዘረጉልኝ። መኪናው ላይ ጥቅሉን ታቅፌ እስከ አሰላ ዓይኔን አላደረቅሁም።

ሕጉን አልጠላም። ያ መድኃኒት ቤት በዚያው ሥልጣን ተከሶ ተፈርዶበታል፤ እኔ ነኝ የተሟገትኩት፣ ደግሞም አኩርቶኛል። ዛሬም እንዲህ ዓይነት መዝገብ ይቀርብልኛል። ግን ጠረጴዛዬ ላይ አንድ ካርድ ለብዙ ሰው የሚል ነገር ሲመጣ፣ እጄ ይዘገያል፤ እዚህ ሆኜ ከወረቀቱ በስተጀርባ ያለውን ቤት አላውቀውም። እዚያ አውቀው ነበር። ማታ ከቢሮ ስወጣ «ማንን አሰርሽ?» የሚለኝ የለም። እናቴ እንደ እናት ትጠይቀኛለች፣ በልተሻል ወይ ትለኛለች፤ የሚያፌዝብኝ ግን የለም። አዴ ይናፍቁኛል። የሽማግሌው ዓይን ይናፍቀኛል። ያ ከግድግዳው የሚመጣው የቅቤና የቆዳ ሽታ ሳይቀር ይናፍቀኛል። እሁድ ሄጄ ላያቸው እልና፣ ሄጄ ማታ መመለሴ ያስፈራኛል።

ዘንድሮ ገብስ ገብቶ፣ የጤና መድን ምዝገባ ጥሪው በአሰላ መንገዶች ላይ ሲያስተጋባ፣ ለልጃቸው ደወልኩ። ድሮ ጥላኝ የሄደችው አሁን ታላቅ እህቴ ሆናለች። ሰላምታው አልቆ «አዴ ካርዱን አሳደሱ?» አልኳት።

«እምቢ ብላለች። ስሙን እንደገና ይጠይቁኛል ትላለች። ምዝገባው ሊያልቅ ነው። ክኒኗም እያለቀ ነው፣ የአባቴም እንዲሁ።»

«እንዴ! ነገሩ ተዘግቷል እኮ። ማንም አይነካቸውም። ንገሪያቸው።»

ስልኩን ሳትዘጋ ተጣራች። የአዴ ድምፅ ከሩቅ፣ ከጓሮ በኩል መጣ፤ ቃሉ አልተለየኝም እንጂ ድምፁ የእሳቸው ነው። 

«ምን አሉ?»

«ያቺ ልጅ እዚያ ቢሮ ተመልሳለች ወይ? ትልሻለች።»

የተመለሰችውን ልጅ ልሆን ፈለግሁ፤ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ውሸት አምሮኝ አያውቅም። «አልተመለስኩም በያቸው» አልኩ። «ያ ባልደረባዬም ተዛውሯል። ግን በእኔ ቦታ ሌላ ሰው አለ። የማላውቀው ቢሆንም መቼም ጥሩ ሰው ይሆናል። ሕጉ ደግሞ ለሌባ እንጂ...»

ልጅቷ ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ስትነግራቸው ይሰማኛል።  ከዚያ አንዲት አጭር ነገር መለሱ።

«ምን አሉ?»

«እንግዲያው ካርዱ ይቅር አለች።»